በሞተር ሳይክል ላይ የሚጨመሩ ዕቃዎች፦ አመራረጥ፣ አገጣጠምና የብልሽት ፍለጋ

ሐዋሳ ላይ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ ወይም ከፒያሳ ወደ ቱላ ከሚመላለሱት ሞተር ሳይክሎች መካከል ፋብሪካው ያልገጠመው ዕቃ የሌለበትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱ ፓውዛ የሚባለውን ተጨማሪ የፊት መብራት አስሯል፣ ሌላው የስልክ ቻርጀር፣ ሌላው የመኪና ክላክስ፤ አላርም፣ የእግር መከላከያ ብረት፣ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላና የዕቃ ሳጥንም በየሰፈሩ የተለመዱ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ጥራት ጎድሏቸው ሲበላሹ ብቻቸውን ቢበላሹ ኖሮ ኪሳራው ከተከፈለባቸው ዋጋ ባላለፈ ነበር። የሚያሳስበው ርካሹ ዕቃ ውዱን ይዞ መሄዱ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ባትሪ ይገድላል፣ ክላክስ የመሪውን ማብሪያ ያቃጥላል፣ ከልክ በላይ የተጫነ ሳጥን የሻሲውን ብየዳ ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፤ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ በምን ይያዛል፣ ከተገጠመ በኋላስ የትኛውን የሞተሩን እንቅስቃሴ ይነካል? ዕቃው ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ጥሩ ዕቃም ቢሆን ከአቅሙ በታች በሆነ ሞተር ላይ ከታሰረ የሚያደርሰው ጉዳት ከመጥፎው አይለይምና።

የሞተሩን አቅም አስቀድሞ ማወቅ

በከተማችን በብዛት የሚታዩት እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተሮች በ12 ቮልት የሚሠሩና ባትሪያቸው አነስተኛ የሆነ ናቸው፤ አምፖል ያለው የፊት መብራታቸውም አብዛኛውን ጊዜ 35 ዋት ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማግኔት ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ላይ ቆሞ የሚያመነጨው ኃይል መንገድ ላይ ከሚያመነጨው እጅግ ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ በኮብልስቶን ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ በየመታጠፊያው የሚቆም፣ ማታ ደግሞ ፓውዛውን አብርቶ ደንበኛ የሚጠብቅ አሽከርካሪ ባትሪው ቶሎ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋቱን በቮልት ማካፈል ብቻ ነው። እውነተኛ 40 ዋት የሆነ አንድ ፓውዛ 3.3 አምፔር ያህል ይወስዳል፣ ሁለቱ ደግሞ 6.7 አምፔር። ይህ ከፊት መብራቱ፣ ከኋላ መብራቱና ከፍሬቻው ፍጆታ በላይ የሚመጣ ጭነት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አቅሙን በግምት ሳይሆን ቴስተር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ማየት ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ከ12.2 በታች ከሆነ አዲስ ዕቃ ከመጨመር በፊት መሞላት ወይም መለወጥ ይኖርበታል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ በመጠኑ ሰጥተው ሲይዙት ቴስተሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል ማሳየት አለበት። በዚያው ዙር ላይ እንዳለ አዲሱን ዕቃ ሲያበሩት ንባቡ ከ13 በታች ወርዶ ከቀረ፣ ማግኔቱ የጎደለውን ከባትሪው እየተበደረ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ለዚያ ሞተር አይሆንም።

ንባቡ ከ15 ቮልት በላይ ከወጣ ግን ጥፋቱ ቮልቴጁን የሚገድበው የሬጉሌተሩ ነው። በየጊዜው ፓውዛ እየተቃጠለባቸው «የዘንድሮ ዕቃ እኮ…» እያሉ ሻጩን የሚወቅሱ ብዙዎች፣ ቢለካላቸው ኖሮ መብራቱን የሚገድልባቸው የራሳቸው ሞተር መሆኑን ያውቁ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሦስተኛና አራተኛ ፓውዛ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ሬጉሌተሩ ይለወጥ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከማግኔቱ፣ ማለትም ኤሲ ከሚባለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራል። የዚህ ምልክቱ ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱ ጨርሶ አለመብራቱ፣ ሲነሳ ደግሞ ከነዳጁ ጋር እየደመቀና እየደበዘዘ መሄዱ ነው። ከዚህ መስመር ላይ ተቆርጦ የተቀጠለ ኤልኢዲ መብራት ይርገበገባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ኤልኢዲው ከባትሪው በኩል ራሱን የቻለ መስመር ሊዘረጋለት ይገባል።

ሱቅ ላይ ምን ይታያል

የመለዋወጫ ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ይመልከቱ። ካርቶን ላይ ለሚጻፍ ዋት ማንም አይጠየቅም። መዳፍ የምትሞላ፣ ከኋላዋ ሙቀት የሚያወጣ ብረት የሌላት ፓውዛ 100 ዋት ነኝ ብትል አይመኑ፤ ያን ያህል ኃይል የሚወስድ መብራት የሚፈጥረውን ሙቀት የሚበትንበት በቂ ክብደት ያለው የአልሙኒየም ጀርባ ያስፈልገዋል። ሻጩን በትሕትና «ወንድሜ፣ እስቲ ባትሪ ላይ አብራልኝና ልየው» ማለት ምንም ነውር የለውም። ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው በመስመሩ መካከል ካስገቡት እውነቱ ወዲያው ይወጣል፤ 12 ቮልት ላይ 1.2 አምፔር ብቻ ካሳየ ዕቃው ወደ 14 ዋት እንጂ 100 ዋት አይደለም። ይህ ማለት ግን መብራቱ አይረባም ማለት ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ለትንሽ ሞተር እውነተኛ 15 ዋት ያለው ኤልኢዲ የሚመረጥ ነው፤ የማይረባው ለ15 ዋት የ100 ዋት ዋጋ መክፈሉ ነው።

ቀጥሎ ገመዱን ያስተውሉ። ከጫፉ ትንሽ ልጠው ክሩን በምላጭ ወይም በቢላ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ ቀይ ሆኖ ከወጣ መዳብ ነው፣ ላዩ ብር መስሎ ውስጡ ቀይ ቢሆንም ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ስለሆነ አያሳስብም። ቀዩ ቅብ ተፍቆ ውስጡ ነጭ ከሆነ ግን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ይህ ገመድ በንዝረት በቀላሉ ይሰበራል፣ እርጥበት ሲነካው ይበላል፣ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸርም ለተመሳሳይ ውፍረት የሚሸከመው አምፔር ያነሰ ነው። ወፍራም የሚመስል ገመድ አብዛኛው ፕላስቲክ ሆኖ ክሮቹ በጣት የሚቆጠሩበት ጊዜም አለ።

ውሃ አይገባውም ለሚባል ዕቃ በላዩ የተጻፈውን አይፒ የሚል ምልክት ይፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው፤ አይፒ 65 አቧራ የማያስገባና በቱቦ የሚረጭ ውሃን የሚቋቋም፣ አይፒ 67 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢነከር ውሃ የማይገባው ማለት ነው። ምልክቱን ማንም ሊያትመው ስለሚችል የመስታወቱን ዙሪያ በዓይን መመርመር አይቅር፤ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ከተቆለመመ ወይም ገመዱ የሚወጣበት ቀዳዳ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሳያልፍ ከውስጥ ይጤሳል።

ገመድ፣ ፊውዝና ሪሌይ

ከሚታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዕቃው ሳይሆን ከቅጥሉ ነው። የፋብሪካው ገመድ ተልጦ፣ አዲሱ ገመድ ተጠምጥሞበት፣ ናስትሮ ተደርቦበት የሚቀር ቅጥል ለጊዜው ይሠራል፤ ከወራት በኋላ ሲከፈት ግን ናስትሮው በሞተሩ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ተንሸራቷል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፣ ክሮቹም ግማሾቹ ተበጥሰዋል። በሐይቁ ዳር እርጥበትና በኮብልስቶኑ ንዝረት መካከል ይህ የሚጠበቅ ነው። ቅጥሉ በቆርቆሮ ተበይዶ ወይም በማያያዣ በደንብ ተጨምቆ፣ በላዩ ላይ በሙቀት የሚጠብብ ሽፋን ተደርጎበት፣ እንዳይወዛወዝ ከሻሲው ጋር መታሰር አለበት።

ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ቢቻል ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጥ። ዕቃው ጋ የተቀመጠ ፊውዝ ከባትሪው እስከ ዕቃው ያለውን ገመድ አይጠብቀውም፤ ተፋፍቆ ሻሲውን የሚነካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያ መካከለኛው ክፍል ነው። ለአንድ 40 ዋት ፓውዛ 5 አምፔር፣ ለሁለቱ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ ለሁለቱ የሚዘረጋው ገመድም 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ፊውዝ ሲቃጠል በምትኩ የገመድ ክር ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠምጠም፣ ነዳጅ ታንከር ሥር የሚያልፈውን ገመድ ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካጋጠመዎት ሞተርዎን ይዘው ይውጡ።

ክላክስን በተመለከተ፣ ፋብሪካው የገጠመው አነስተኛ አምፔር የሚወስድ በመሆኑ የመሪው ማብሪያም የተሠራው ለዚያው ልክ ነው። የመኪና ጥንድ ክላክስ ወይም በአየር የሚሠራ ክላክስ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወስዳል፤ በቀጥታ ከተቀጠለ የማብሪያው መነካኪያ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ይልና ይጠቁራል፣ ወይም ተጣብቆ ክላክሱ አልጠፋ ይላል። መፍትሔው ባለ አራት እግር ሪሌይ ነው፤ ሪሌይ በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሳ ትልቁን የምታሳልፍ ማብሪያ ናት። ከፋብሪካው ክላክስ ላይ የሚነቀሉትን ሁለት ገመዶች 85 እና 86 በተባሉት እግሮች ላይ ይሰኩ፤ 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ይምጣ፤ 87 ወደ አዲሱ ክላክስ ይሂድ፤ የክላክሱ ሌላኛው ጫፍ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለስ። በዚህ አሠራር የመሪው ማብሪያ ሪሌይዋን ብቻ ይቀሰቅሳል፤ የፋብሪካው ገመድም ሳይቆረጥ ይቀራል። ለፓውዛም ያው ነው፤ 85ን ወደ ኔጋቲቭ፣ 86ን በማብሪያ በኩል ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ወደሚያገኝ መስመር ማገናኘት ነው።

ፓውዛው ከተገጠመ በኋላ አቅጣጫው ይስተካከል። ሞተሩን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቀው፣ ሰው ተቀምጦበት፣ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ከፍታ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ያድርጉ። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ማታ ማታ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያጠፉት ፓውዛዎች ዋታቸው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሰማይ ሰማይ የሚያዩ ናቸው።

ፍሬቻን ወደ ኤልኢዲ የለወጠ ሰው ብልጭታው ከመጠን በላይ ቢፈጥንበት አዲሱ መብራት ተበላሽቷል ብሎ አይደምድም። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የቀድሞው ፍላሸር የአምፖሉን ጭነት ጠብቆ የሚሠራ ስለሆነ ጭነቱ ሲያንስ ይፈጥናል። ለኤልኢዲ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር መግጠም ይሻላል፤ በየፍሬቻው ላይ ሬዚስተር ማሰር የተቆጠበውን ኃይል መልሶ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፣ ፕላስቲክ አጠገብ ከታሰረም ያቀልጣል። በዚሁ አጋጣሚ የ35 ዋቱን የፊት አምፖል በመኪና 60 ዋት አምፖል መተካት የመብራቱን ፕላስቲክና ሶኬቱን እንደሚያቀልጥ መታወቅ አለበት።

ብረት የሆኑት

የእግር መከላከያ ብረት ከመግዛትዎ በፊት ብየዳውን በጣትዎ ይዳብሱ። ጥሩ ብየዳ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ሙሉ ይዞራል፤ መጥፎው ከፊት ለፊት ብቻ ተለጥፎ ከኋላ ክፍት ነው። የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር መኖሩን ይፈትሹ፤ ምንም ያልተጻፈበት ቡሎን ከዕቃው ጋር በነጻ ከተሰጠዎት ይጣሉትና የተጻፈበትን ይግዙ። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ የ8.8 ቡሎን ወደ 25 ኒውተን ሜትር ሲጠበቅ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መታገል በተለይ አልሙኒየም ውስጥ ሲገባ ጥርሱን መብላት ነው። ከተገጠመ በኋላ የፍሬን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ ማርሹንም ወደ ላይና ወደ ታች ይቀያይሩ፤ ሞተሩ ሳይወድቅ ገና ብረቱ ፔዳሉ አጠገብ ከደረሰ፣ ሞተሩ ሲወድቅ ታጥፎ ፔዳሉን እንደሚያግድ ጥርጥር የለውም።

ፖርቶ መጋላና ሳጥን የሚበደሉት በጭነት ነው። ከኋላ ጎማው ጀርባ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪውም በፍጥነት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የሳጥኑ ፋብሪካ የጻፈው የኪሎ ገደብ ሳጥኑን ባዶ የሚያስቀር ያህል ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም መከበር አለበት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ሲታጠብ ቀለሙ እንደ ፀጉር ክር የተሰነጠቀበት፣ ዝገት ያንጠባጠበበት ቦታ ካለ ያስተውሉ።

የኋላ ማሳያ መስታወት ሲለወጥ ጥርሱ 8 ነው ወይስ 10 ሚሊ ሜትር የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። በብዙ የያማህ ሞተሮች ላይ የቀኙ መስታወት ወደ ግራ የሚጠብቅ በመሆኑ እንደ ሌላው እየታገሉ የማሰሪያውን ጥርስ ያበላሹ ጥቂት አይደሉም።

የስልክ መያዣ የሚያሳስበው ስልኩ ስለሚወድቅ ብቻ አይደለም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ የሞተር ሳይክል ንዝረት በመሪ በኩል ወደ አይፎን ሲተላለፍ ካሜራውን ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። ንዝረት የሚቀንስ ጎማ የሌለው መያዣ ላይ ውድ ስልክ አለማሰር ነው።

መሪው ላይ ወይም አጠገቡ ማንኛውም ነገር ከተገጠመ በኋላ የማይታለፍ አንድ ፍተሻ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ መሪውን እስከ ግራው ጫፍ ከዚያም እስከ ቀኙ ጫፍ ያዙሩት። ዙሩ ከፍ ካለ የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል ወይም አዲሱ ገመድ ይዞታል፤ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ይወስዳል ማለት ነው። የነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ መመለሱን፣ የእጅ መከላከያውም የፍሬን እጀታውን አለመንካቱን በዚሁ ያዩታል።

ብልሽት ሲመጣ

ሞተሩ ከዚህ በፊት ያልነበረ ችግር ሲያመጣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በመጨረሻ የተገጠመው ዕቃ ነው። ካርቡራተር ከማስፈታት በፊት የዚያን ዕቃ ፊውዝ ነቅሎ አንድ ሁለት ቀን መንዳት ምንም አያስወጣም። ጉድጓድ ላይ ሲረግጥ ሞተሩ የሚጠፋ ከሆነና አላርም ካለው፣ አላርሙን ይጠርጥሩ፤ ብዙዎቹ አላርሞች ሞተሩን የሚያጠፉት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ሪሌይ የካንዴላውን መስመር ቆርጠው ስለሆነ፣ ያች ሪሌይ ስትላላ ሞተሩ በጉዞ መካከል ይጠፋል። ከትልቅ መኪና ጀርባ ለማለፍ በወጡበት ቅጽበት ይህ ቢደርስ ምን ሊከተል እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። በእኔ እምነት ርካሽ አላርም ከመግጠም ጠንካራ ሰንሰለትና ቁልፍ መግዛት ይሻላል። ፊውዙ የሚቃጠለው በዝናብ ቀን ብቻ ከሆነ ውሃ የገባበት ፓውዛ ወይም ክፍት ቅጥል ይፈለግ።

ጠዋት ጠዋት ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚወስድ ዕቃ አለ። ቁልፉን ዘግተው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ፤ ቴስተሩን በ10 አምፔር ሶኬት ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሳት መሞከር ቴስተሩን ስለሚያቃጥለው የተከለከለ ነው። አላርም የሌለው ሞተር ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከባትሪው ጋር በቀጥታ የታሰረ ቻርጀር 20 ሚሊ አምፔር ቢወስድ እንኳ በቀን ወደ 0.5፣ በሳምንት ከ3.3 አምፔር ሰዓት በላይ ይበላል፤ 5 አምፔር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ይህ ከግማሽ በላይ ነው። ቻርጀሩን ከቁልፉ በኋላ ወዳለው መስመር ማዛወር ችግሩን ይፈታዋል።

ዕቃውን መመለስ

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሻጩን ከኃላፊነት አያወጣውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ይደነግጋል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ዕቃውም በስሙና በዓይነቱ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ «መለዋወጫ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ሲጨቃጨቁ ብዙም አይረዳም። ከመገጠሙ በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሱት፤ ገመዱን ሳይቆርጡ በሶኬት ይግጠሙት፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ገመድ ያለውን ዕቃ ሻጩ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ ላለመቀበል ሰበብ ያገኛል። ሲመልሱም በቴስተሩ የታየውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «100 ዋት ተብሎ 14 ዋት ነው የሚወስደው» ማለት ክርክሩን ያሳጥረዋል።

ከሞተሩ ላይ የወለቁትን የፋብሪካ ክላክስ፣ መስታወት፣ ፍሬቻና ቡሎኖች በአንድ ከረጢት አድርገው ያስቀምጡ። አዲሱ ዕቃ ከተመለሰ ወይም ከተበላሸ ሞተሩ በማግስቱ ሥራ የሚገባው በእነሱ ነው፤ ሞተሩ ሲሸጥም ገዢው ይጠይቃቸዋል።